የበጋ ውሃና አሥራ ሰባተኛው ተራ

በዚህ መጽሔት ላይ በያመቱ ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ አገር ፍቅርና ስለ ጊዜ ዋጋ ብዙ ተጽፏል። ለጸሐፊዎቹ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ከነሱም ተምሬአለሁ። እኔ ግን ዘንድሮ አንባቢዎቼን ወደ አንድ የመስኖ ቦይ ዳር ልወስዳቸው አስቤአለሁና ምክንያቱን አስቀድሜ ልናገር። ባለፈው መጋቢት በታሪክ ክፍለ ጊዜ እንቅልፍ አሸንፎኝ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፋሁ። አስተማሪያችን ቀስቅሰውኝ፥ «ለመሆኑ ሌሊቱን የት አድረህ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጓደኞቼ ሣቁ፤ እኔም አፍሬ ዝም አልሁ። ያደርሁት ውሃ ስጠብቅ ነበር። መልሱ ከክፍለ ጊዜው ስለሚረዝም እነሆ አሁን በጽሑፍ አቀርበዋለሁ።

የወላጆቼ ማሳ ከከተማው የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቆ ይገኛል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ማሳውን የምታስተዳድረው እናቴ ናት፤ እኔ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። ማሳው የሚጠጣው ከትንሽ ወንዝ በተጠለፈ ቦይ ነው። ይህ ወንዝ በነሐሴ ከብት ይወስዳል፤ በሚያዝያ ግን ሕፃን ልጅ ድንጋይ በድንጋይ እየረገጠ እግሩን ሳያርስ ይሻገረዋል። ቦዩ ከጠለፋው ተነሥቶ የኮረብታውን ወገብ ይዞ እየተጠማዘዘ ሲወርድ 64 ቤቶችን ያጠጣል። ለጠለፋው የቀረቡት የራስጌ ሰዎች ይባላሉ፤ በመጨረሻ የምንገኘው እኛ ደግሞ የግርጌ ሰዎች እንባላለን። በበጋ የሚለማው ሽንኩርት፥ ድንችና ቃሪያ ነው፤ ጌሾ ያላቸውም አሉ። በክረምት የሚገኘው እህል ለቀለብ ይውላል። ልብስ፥ ደብተር፥ የቤት ኪራይ፥ የዕድር መዋጮ፥ ይህ ሁሉ የሚወጣው ከበጋው ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ደግሞ ሥሩ አጭር ስለ ሆነ የሚጠጣው ከአፈሩ ላይኛ ክፍል ብቻ ነው፤ በመጋቢት ፀሐይ ሁለት ተራ ያመለጠው ሽንኩርት ሳይወፍር ይቀራል፤ ገበያ ቢወስዱትም ለማጓጓዣው ስንኳ አይበቃም።

ውሃው በስምንት ቀን አንድ ጊዜ ይዞራል። ቀንና ሌሊቱ ለየብቻ ይቈጠራል፤ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት አንድ ተራ፥ ከማታ እስከ ጧት ሌላ ተራ ነው። እንግዲህ በስምንት ቀን 16 ተራ ይገኛል፤ በያንዳንዱም ተራ አራት ቤቶች ሦስት ሦስት ሰዓት ያጠጣሉ። የእናቴ ሰዓት ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዘጠኝ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለም ይኸው ነበር።

ይህን ሁሉ የሚያዙት የውሃ አባት ናቸው። ይህ ሹመት በእኛ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም። በብዙ የአማርኛ ተናጋሪዎች አገር ቦይ ባለበት ሁሉ የውሃ አባት ይመረጣል፤ በትግራይም አቦ ማይ ይሉታል፤ ትርጕሙ አንድ ነው። የኛዎቹ የውሃ አባት ደመወዝ የላቸውም። የጠረጋውን ቀን ይናገራሉ፥ ሰውን ለሥራ ይመድባሉ፥ የቀረውን ይቀጣሉ፥ ተራ ያስከብራሉ፥ የተጣላውን ያስታርቃሉ። ጽሕፈት አያውቁም፤ ነገር ግን የ64ቱን ቤት ተራ በቃላቸው ይዘውታል።

ከኔ ጋር እኩያ የሆኑ የአገሬ ልጆች ዱሮውን ጠለፋ ያስታውሱታል። ከድንጋይ፥ ከጭራሮ፥ ከጭቃና ከነሥሩ ከተነቀለ ሣር የተሠራ ነበር። ክረምት በመጣ ቊጥር ጐርፍ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ጥቅምት ሲገባ እንደገና ይሠራል። እኔም በሰባት በስምንት ዓመቴ ጭራሮ እየተሸከምሁ ከታላላቆቹ ጋር ውዬበታለሁ። ትልልቁን ድንጋይ እያንከባለሉ ወንዙ ውስጥ ለማስቀመጥ ብዙ ጕልበት ያስፈልጋል፤ የራስጌ ሰዎች ብቻቸውን ሊሠሩት ከቶ አይችሉም ነበር። በበጋውም መካከል ሁለት ሦስት ጊዜ ይሸነቈራል፤ ያን ጊዜ ጥሪ ይደረግና 64ቱም ቤት ይወጣል። የሥራ ዘፈኑ፥ ንፍሮው፥ ጠላው እስከ ዛሬ በዓይኔ ላይ አለ።

በ2010 ዓ.ም. በሲሚንቶ የተሠራ ጠለፋ መጣልን። የብረት መዝጊያ አለው፤ ጐርፍ አይወስደውም። ያን ቀን ሁላችን እልል አልን፤ እናቴም ድፎ ዳቦ ጋግራ ይዛ ሄደች። ደስታችን ትክክል ነበር። የአንድ ወር ጕልበት ተርፎልናል፤ ዛሬ አምስት ሰዎች አካፋ ይዘው ቢወጡ ከመዝጊያው ፊት የተከማቸውን ደለል በግማሽ ቀን ይጠርጉታል።

ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በግርጌ ያለን ሰዎች ውሃው እየቀጠነ መምጣቱን አስተዋልን። በመጀመሪያ ዝናቡን ወቀስን። ቀጥሎም በየወንዙ ዳር የበዛውን የባሕር ዛፍ ወቀስን። የውሃ ሞተር የገዙትንም ወቀስን። እነዚህ ሁሉ ምክንያት አይደሉም ለማለት አልደፍርም። ግን ወንዙ ወደ ቦዩ ሲገባ ሙሉ ሆኖ እኛ ዘንድ ሲደርስ እንደ ክር ከቀጠነ፥ የጐደለው ከሰማይ ሳይሆን ከመንገድ ላይ ነው።

ያን የመጋቢት ሌሊት ከትምህርት ቤት ወጥቼ በእግሬ አገር ቤት ደረስሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ እናቴ ዶማ ይዛ እኔም ባትሪ ይዤ ወደ ማሳችን ወረድን። ውሃው መጣ፤ የመጀመሪያውን ትልም ሳይጨርስ ቀረ። ባትሪዬን ይዤ ቦዩን ተከትዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ጅብ በሩቅ ይጮኻል፤ መንገዱ ያዳልጣል። ብዙ ከሄድሁ በኋላ በአንድ የራስጌ ማሳ አጠገብ ቦዩ በሣርና በጭቃ ተዘግቶ ውሃው ወደ ድንች መደብ ሲፈስ አገኘሁት። ባለማሳው ጋቢያቸውን ተከናንበው በአካፋቸው ተደግፈው ቆመዋል። ሠርጋችንም ለቅሶአችንም አንድ ነው፤ አባቴ ሲሞት አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው።

«ጋሼ፥ ተራው እኮ የኛ ነው» አልኋቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ፤ «እኔ ተራ አውቃለሁ፤ የኔ ድንች ግን ተራ አያውቅም።»

ሣቅሁ፤ እሳቸውም ሣቁ። ሣሩን አንሥቼ ውሃውን ወደ ቦዩ መለስሁትና ወረድሁ። እናቴ ዘንድ ስደርስ ግን እንደገና ቆሞ ነበር። ሰዓታችን እስኪያልቅ ሦስት ጊዜ እንዲህ ተመላለስሁ። በዘጠኝ ሰዓት ተራው ለጐረቤት አለፈ፤ ከማሳችን ግማሹ ደረቅ ነው። ጧት በታሪክ ክፍለ ጊዜ የሆነውን ከላይ ተናግሬአለሁ።

በሰንበቱ ወደ ውሃ አባት ሄጄ አቤት አልሁ። አዳምጠውኝ ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፥ ዱሮ እንዲህ ያደረገውን ሰው እጠራውና፥ ‹ጠለፋው ሲፈርስ ማን ይመጣልሃል?› እለው ነበር። ያን ብቻ ነበር የምለው። በነጋታው ውሃው ይወርዳል። አሁን ምን ብዬ ላስፈራራው? ጠለፋው አይፈርስ!»

ይህን ቃል ከሰማሁ ጀምሮ ከልቤ አልጠፋም። የአስተዳደሩ ጕዳይ በሙሉ በዚያ ውስጥ አለና። ዱሮ የራስጌው ሰው ለግርጌው ውሃ የሚለቀው ደግ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ ዛሬም የሚከለክለው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። ዱሮ የግርጌው ጕልበት ያስፈልገው ነበር። በየዓመቱ የሚፈርሰው ጠለፋ ራሱ ዳኛ ነበር። ሲሚንቶው ድካማችንን ሲያነሣልን ያንን ዳኛ አብሮ አንሥቶታል፤ በቦታውም ሌላ አልተተካም።

ይህ የእኔ የተማሪ ግምት ብቻ እንዳይመስል አንድ ምስክር ልጥራ። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ በ2009 በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በኤኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ከተቀበሉት መካከል የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ግጦሽን፥ ደንንና የመስኖ ውሃን ሕዝብ በጋራ እንዴት እንደሚያስተዳድር በመመርመር ነው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በኔፓል ብዙ ቦዮችን ሲያመሳክሩ፥ ገበሬዎች ራሳቸው በድንጋይና በጭቃ ጠልፈው የሚያስተዳድሩት ቦይ መሐንዲስ የማይፈርስ ጠለፋ ከሠራለት ቦይ ይልቅ ውሃን እስከ ግርጌ በማድረስ ብዙ ጊዜ በልጦ ተገኘ። ምክንያቱንም ሲያስረዱ፥ ቋሚ ጠለፋ ሲመጣ የራስጌው ሰው የግርጌውን ሰው ጕልበት መፈለጉ ይቀራል፥ ስለዚህ ከሱ ጋር የሚደራደርበት ነገር አይኖርም ብለዋል። የኛ የውሃ አባት ኔፓልን በካርታ ላይ አያውቋትም፤ ነገር ግን ያንኑ ነገር ነገሩኝ።

እንግዲህ ሲሚንቶው ይፍረስ ልል ነውን? እግዜር ያሳያችሁ! ድንጋይ በማንከባለል ወገቡ የተሰበረ ሰው በመንደራችን አለ። ከእኛ የግርጌ ወጣቶች አንዳንዶቹ ደግሞ፥ «ለቦይ ጠረጋ አንውጣላቸው፤ ያን ጊዜ ያውቁናል» ይላሉ። ይህንንም እቃወማለሁ። ቦዩ በደለል ሲሞላ አስቀድሞ ውሃ የሚያጣው ማን ነው? እኛው ነን። ሌሎችም «ተራው ከግርጌ ይጀመር» ይላሉ፤ ለጆሮ ደስ የሚያሰኝ ሐሳብ ነው፥ ነገር ግን ተራ ክብ ነው፤ ክብ ከየት ይጀመራል?

የኔ አሳብ ሌላ ነው። በዱሮው ጊዜ ሥራው ራሱ ያስገድደን የነበረውን፥ አሁን በደንብ እናስገድደው። ይህም ደንብ ከሌሊቱ ይጀመር።

በሜጫ፥ በመርአዊ አጠገብ የሚገኘው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ ነው፤ ግድቡም 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል። ከግድቡ ይልቅ እኔን የሚያስቀናኝ የሌሊት ማጠራቀሚያዎቹ ናቸው። ሌሊት የሚወርደው ውሃ በነሱ ይጠራቀምና ገበሬው ሲነጋ በፀሐይ ብርሃን ያጠጣል። ያንን የነደፈው መሐንዲስ ሰው ሌሊት መተኛት እንዳለበት ያሰበ ነው። እኛ ያን የሚያህል ገንዘብ የለንም። ስለዚህ ሌሊቱን ማስቀረት ካልቻልን መካፈል ይገባናል። በሌሊት ማጠጣት በራሱ ክፉ ነው አልልም፤ ፀሐይ ስለሌለ ውሃው እንዳይተን ይረዳል። ክፉው ነገር ሌሊቱ ሁልጊዜ ለአንድ ሰው መሆኑ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት፥ ሽማግሌ፥ ልጁን ትምህርት ቤት የላከ ሰው በጨለማ ቦይ ለቦይ መመላለስ አይችልም፤ ውሃው የሚጠፋውም ማንም በማያየው በዚያው ጨለማ ነው።

አሁን ወደ ሒሳብ እንምጣ። ተራው 16 ነው፤ 16 ደግሞ ለሁለት የሚካፈል ቊጥር ነው። ስለዚህ ዛሬ በሌሊት የደረሰው ሰው ከስምንት ቀን በኋላም በሌሊት ይደርሰዋል፤ ከዓመት በኋላም እንዲሁ። እናቴን ለሌሊት የፈረደባት ሰው የለም፤ የፈረደባት 16 ቊጥር ነው። በሕንድና በፓኪስታን የፑንጃብ ገበሬዎችም ይህ ችግር ደርሶባቸዋል። ተራቸው በሰዓት ተለክቶ በሰባት ቀን ይዞራል፤ ሰባት ቀን 14 ተራ ስለሚሆን እንደኛው አንዱ ለዘላለም የሌሊት፥ አንዱ ለዘላለም የቀን ይሆናል። በብዙ ስፍራ ይህን ያቃኑት በዓመት አንድ ጊዜ ተራውን በ12 ሰዓት እየገፉ ነው። እኛ ግን ዓመት መጠበቅ አያስፈልገንም። በ16ቱ ላይ አንድ ተራ ብንጨምር 17 ይሆናል፤ ዙሩም ስምንት ቀን ተኩል ይሆናል። ያን ጊዜ ዛሬ ማታ የደረሰው በሚቀጥለው ዙር በቀን ይደርሰዋል፤ ከዚያ ደግሞ በሌሊት። የውሃ አባት ማንንም መለመን ሳይኖርባቸው ቀንና ሌሊቱ በራሱ ይፈራረቃል።

አሥራ ሰባተኛው ተራ የማን ይሁን? የማንም አይሁን እላለሁ። በዚያ ዙር ውሃ የጐደለበት ሰው ይካስበት። ቦይ ተሰብሮበት ሊሆን ይችላል፤ ተሰርቆበትም ሊሆን ይችላል። የጐደለበት ካልተገኘ ችግኝ ላፈሉት ይሰጥ። የሌላውን ተራ የወሰደ ሰው በመጀመሪያ ይመከር፤ ሁለተኛ ካደረገ ከራሱ ሰዓት አንዱ ይወሰድበት፤ ሦስተኛ ካደረገ ተራው በሙሉ ለተበደለው ይሰጥ። በገንዘብ መቅጣት አይጠቅምም፤ ሽንኩርት ብር አይጠጣም። «ለሁላችን ግማሽ ቀን መጠበቂያ ተጨመረብን» የሚል ቢኖር፥ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ ቀን ዘግይቶ ሙሉ ውሃ ማግኘት በቀኑ ግማሽ ውሃ ከማግኘት አይሻልምን?

ይህን የሚፈርደው ማን ነው የሚለው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። የኛ የውሃ አባት ቅን ሰው መሆናቸውን ማንም ያውቃል፤ ነገር ግን ማሳቸው በራስጌ ነው፤ ዕድሜያቸውም ሌሊት ለመነሣት አይፈቅድላቸውም። በእስጳንያ አገር በቫሌንሺያ ከተማ ሐሙስ ሐሙስ በስድስት ሰዓት ቀትር በካቴድራሉ የሐዋርያት በር ፊት የሚቀመጥ የውሃ ሸንጎ አለ። ዳኞቹ ከየቦዩ የተመረጡ ገበሬዎች ናቸው፤ ክርክሩ በቃል ነው፤ ጠበቃም የለበት። ዩኔስኮም በ2009 በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔን የገረመኝ ግን አንድ ልማዳቸው ነው፤ ይኸውም የተከሰሰው ሰው ከአንድ ዳኛ ቦይ የሆነ እንደሆነ ያ ዳኛ በፍርዱ አይገባም። እኛም ለውሃ አባት ሁለት ረዳቶች፥ አንዱን ከመካከል አንዱን ከግርጌ፥ ብንመርጥላቸውና የራስጌ ሰው ሲከሰስ የግርጌና የመካከሉ፥ የግርጌ ሰው ሲከሰስ የራስጌና የመካከሉ ቢፈርዱ፥ ሽማግሌውም ከወቀሳ ይድናሉ። ከረዳቶቹ አንዷ ሴት ብትሆን ምን ይከፋል? ውሃ የሚያጠጡ እማወራዎች በቦያችን ጥቂቶች አይደሉም።

ደንቡ ደግሞ ይጻፍ። የውሃ አባት የ64ቱን ተራ በቃላቸው መያዛቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ እሳቸው ያለፉ ዕለት ግን ማን ይይዘዋል? የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቊጥር 841/2006 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ እንዲህ ያለ ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት እንዲያገኝ መንገድ ከፍቷል። የኛ ቦይ ግን እስከ ዛሬ በቃል ይተዳደራል። ምዝገባው ጊዜ ቢወስድም አንድ ወረቀት ላይ 17 መሥመር ለማስመር አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከኛ ትምህርት ቤት የሚማሩ የዚያ ቦይ ልጆች ስድስት ነን፤ እኛ እንጽፈዋለን።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ስለ ዘሩ መጠን ነው። በኅዳር ወንዙ ገና ጕልበት አለው፤ ሰው ሁሉ ያን አይቶ ይተክላል። በመጋቢት የሚያጠጣው ግን በመጋቢቱ ውሃ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት በበጋ የሚያለማውን መሬት ከመትከሉ በፊት ተነጋግሮ ቢወስን፥ ጋሼም በድንቻቸው ባላመካኙ ነበር። ይህ ከተራው ይልቅ ብዙ ክርክር እንደሚያስነሣ አውቃለሁ፤ በአንድ ስብሰባም አያልቅም።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከመስጠቴ በፊት ለውሃ አባት አነበብሁላቸው። ስለ ቫሌንሺያ ስናገር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለ 17 ስናገር ግን አቁም አሉኝ። ከደጃፋቸው ጠጠር ለቅመው በመሬት ላይ በክብ ደረደሩ፤ ለቀን ነጭ፥ ለሌሊት ጥቁር። ቈጠሩ፤ እንደገና ቈጠሩ። አንዲት ጠጠር ጨመሩና ሦስተኛ ቈጠሩ። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «የናትህ ጠጠር ነጭ ላይ ወደቀች» አሉኝ። ቀጥለውም፥ «በጠረጋው ቀን ይዘኸው ና፤ ጠላው ሳይቀርብ ግን አንብበው፤ ከጠላው በኋላ ሁሉም የውሃ አባት ነው» አሉ።

ጠረጋው በጥቅምት መጀመሪያ ሳምንት ነው።